በውሻ ሳህን የተገኘ ፈውስ፤ የዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ሕይወትና ሥራ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በድኾች ቤት ያደገ ውሻ ግን በበላበት ይታመም ነበር። ቤተሰቡ ከማዕዱ የተረፈውን የበቆሎ ቂጣ ይጥልለታል፤ እርሱም ያንኑ በልቶ ደጁን ይጠብቃል። እንዲህ ሲኖር ከጊዜ በኋላ ምግብ መጥላት ይጀምራል። የከንፈሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ድዱና ምላሱ ይቀላሉ፤ ቆይተውም ይቆስላሉ። ከአፉ ክፉ ጠረን ያለው ልጋግ ይዝረከረካል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ምላሱም እየጠቆረ ይሄዳል። የአካባቢው ሰዎች ይህን በሽታ «ጥቁር ምላስ» ብለው ሰይመውት ነበር። በዚህ በሽታ ክፉኛ የተያዘ ውሻ ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነበር።

በዚያው ቤት ውስጥ፣ በዚያው ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎችም ጤነኞች አልነበሩም። በጸደይ ወራት ፀሐይ የሚያገኘው የእጃቸው፣ የአንገታቸውና የፊታቸው ቆዳ ይቀላል፤ ከዚያም ይሻክርና ይላጣል። አፋቸው ይቆስላል፤ ተቅማጥ ያዳክማቸዋል፤ በሽታው ሲጠና ደግሞ አእምሯቸው ይታወካል። ይህ በሽታ ፔላግራ ይባላል። ውሻውና ጌታው በአንድ ምክንያት እንደሚታመሙ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፈውስ እንደሚሆናቸው በማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ሰው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ናቸው። እርሳቸው የሰው ሐኪም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከሥራቸው ሁሉ ለድኾች ፈጥኖ የደረሰው ግኝት የተገኘው በውሾች ማደሪያ ውስጥ፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍት ይሆናል ተብሎ በውሻ ምግብ ላይ በተጨመረ ጥቂት እርሾ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ትምህርት

ጆሴፍ ጎልድበርገር ሐምሌ 16 ቀን 1874 ጊራልት በምትባል መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በኦስትሮ-ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ትተዳደር ነበር፤ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው በግ አርቢ ነበሩ። ለቤተሰቡ ስድስተኛና የመጨረሻ ልጅ የሆኑት ጆሴፍ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1883 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በኒውዮርክ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሠፈርም አነስተኛ የሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። ልጁም ከትምህርት ቤት መልስ ለደንበኞች ዕቃ በማድረስ አባቱን ይረዳ ነበር። በኋላ ዘመናቸው በድኻ ቤት ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ በትዕግሥት የመረመሩት ሰው፣ የድኻን ጓዳ በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ያወቁ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

በ1890 መሐንዲስ ለመሆን አስበው በኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ጀመሩ። ነገር ግን አንድ ቀን በቤልቪው የሕክምና ኮሌጅ የተሰጠ ትምህርት ካዳመጡ በኋላ ልባቸው ወደ ሕክምና አዘነበለ። ምሕንድስናውን ትተው በ1892 ወደ ሕክምና ኮሌጁ ገቡ፤ በ1895ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በዚያው በቤልቪው ሆስፒታል ከሠለጠኑ በኋላ በፔንሲልቬንያ ግዛት በዊልክስ-ባር ከተማ ለሁለት ዓመታት ያህል በግል ሠሩ። የግል ሕክምና ግን መንፈሳቸውን ስላላረካው በ1899 በኋላ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ወደተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገቡ። የመጀመሪያ ሥራቸውም በኒውዮርክ ወደብ የሚደርሱትን ስደተኞች ጤንነት መመርመር ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመታት በፊት ራሳቸው በስደተኝነት የመጡት ልጅ አሁን ሐኪም ሆነው በበሩ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አሥራ አምስት ዓመታት ወረርሽኝ ከተነሣበት ሥፍራ ሁሉ እየተላኩ አሳለፉ። ስለ ቢጫ ወባ፣ ስለ ደንጊ ትኩሳትና ስለ ታይፈስ በሜክሲኮና በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍሎች ሲያጠኑ በሦስቱም በሽታዎች ተይዘው ነበር። ከባልደረባቸው ከዶክተር ጆን አንደርሰን ጋር ሆነው ኩፍኝ ከሰው ወደ ዝንጀሮ ሊተላለፍ እንደሚችል በ1911 አሳዩ። በ1906 ሜሪ ፋራር የተባሉ የደቡብ ተወላጅ ሴት አገቡ። እኚህ ሴት በባላቸው ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበራቸው ወደፊት ይገለጻል።

የፔላግራ ምሥጢር

ፔላግራ በአሜሪካ የተፈጠረ በሽታ አይደለም። እስፓኛዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በ1735 ገደማ በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አይተው መዝግበውታል። በ1771 ደግሞ ፍራፖሊ የተባሉት ኢጣሊያዊ ሐኪም ሻካራ ቆዳ የሚል ትርጉም ያለውን የዛሬውን ስሙን በጽሑፍ አሠፈሩት። በሽታው በቆሎ የድኻ ሕዝብ ዋና ምግብ ከሆነበት ሥፍራ እንደማይጠፋ ከጥንት ጀምሮ ታይቷል። በአሜሪካ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ግን ከ1906 በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት፣ ከዚያ ዘመን እስከ 1940 ባለው ጊዜ ውስጥ በደቡብ ግዛቶች 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 100 ሺህ ያህል እንደሞቱ ያስረዳል።

በዚያን ዘመን የተሐዋስያን ጥናት በሕክምና ዓለም የነገሠበት ወቅት ስለነበር፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች ፔላግራንም ተላላፊ በሽታ ነው ይሉ ነበር። ገሚሱ በነፍሳት ንክሻ ይመጣል ሲል፣ ሌላው ከተበላሸ በቆሎ የሚገኝ መርዝ ነው ይል ነበር። በሽተኞች ከሆስፒታል ይባረሩ፣ ጎረቤትም ይሸሻቸው ነበር። በ1914 ዋናው የጤና ሹም ሩፐርት ብሉ የፔላግራን ምርመራ ለዶክተር ጎልድበርገር ሰጡ። ዶክተሩ ወደ ደቡብ ወርደው የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችን፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችንና የጥጥ ፋብሪካ መንደሮችን ጎበኙ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሌሎች እያዩ ያላስተዋሉትን ነገር አስተዋሉ። በየሆስፒታሉ ሕሙማኑ በፔላግራ ሲያልቁ፣ ሌት ተቀን አብረዋቸው ከሚውሉት አስታማሚዎችና ነርሶች መካከል በበሽታው የተያዘ አልነበረም። ተላላፊ በሽታ ሠራተኛና ሕመምተኛ ብሎ አይመርጥም፤ ማዕድ ግን ይመርጣል። ሠራተኛው ሥጋና ወተት ሲያገኝ፣ ሕመምተኛው በበቆሎ፣ በሽሮፕና በአሳማ ጮማ ይኖር ነበር።

ማዕዱን መመርመር

ዶክተር ጎልድበርገር ይህን ሐሳባቸውን በሥራ ለመፈተን በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ በነበሩ ሁለት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ውስጥ ምግቡ እንዲለወጥ አደረጉ። ለሕፃናቱ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ ተጨመረላቸው። በ1914 በሁለቱ ማሳደጊያዎች ከ200 በላይ ልጆች ታመው ሳለ፣ ምግቡ ከተሻሻለ በኋላ በነበረው ዓመት በሽታው ያገረሸበት አንድ ብቻ ተገኘ። በጆርጂያ ግዛት በሚሌጅቪል በነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም ተመሳሳይ ውጤት ታየ።

ቀጥሎም ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ለማየት በ1915 ከጃክሰን አጠገብ በነበረው በራንኪን የእስረኞች እርሻ ሌላ ሙከራ አደረጉ። ገዥው ኧርል ብሩወር ምሕረት እንደሚያደርጉላቸው ቃል ስለገቡ 12 እስረኞች በፈቃዳቸው በአብዛኛው በበቆሎ፣ በነጭ ዱቄት፣ በሩዝና በሽሮፕ ለመኖር ተስማሙ። ሙከራውን ከፈጸሙት 11 ሰዎች መካከል በስድስቱ ላይ የፔላግራ ምልክት ታየ። ይህ ዓይነት ሙከራ ዛሬ በሕክምና ሥነ ምግባር ፊት የሚያስወቅስ ነው፤ ነጻነቱን የተነፈገ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይችልምና። ሆኖም ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ምግብን በመለወጥ በሽታውን ማጥፋት እንደሚቻል ሁሉ ማምጣትም ይቻላል።

ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሁሉ አይተው አላመኑም። ስለዚህ በ1916 ዶክተሩ የፔላግራ ሕሙማንን ደም በመርፌ ወደ ሰውነታቸው አስገቡ፤ ከሕሙማኑ ቁስል የተፋቀውንና ከሆዳቸው የወጣውን ከዱቄት ጋር አዋሕደው ዋጡ። በዚህ ሙከራ ዶክተሩን ጨምሮ 16 ሰዎች ተካፍለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪም የበሽተኛ ደም በመርፌ ተቀብለዋል። ከሁሉም አንድም ሰው በፔላግራ አልተያዘም።

የእንስሳት ሐኪሙ ጥያቄ

በሽታው የሚመጣው ከምግብ ጉድለት እንደሆነ ቢታወቅም፣ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም ነበር። ሰውን እያሳመሙ አንድ በአንድ ምግብ መፈተን ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚወስድና ሕሊናን የሚከብድ ነው። በአይጥ ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ፔላግራን የሚመስል ነገር አላሳዩም። ለችግሩ መውጫ የሚሆነው ፍንጭ የመጣው ከእንስሳት ሕክምና ሙያ ነው።

በሰሜን ካሮላይና ግዛት በኮንኮርድ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የእንስሳት ሐኪም ቲ. ኤን. ስፔንሰር በውሾች ላይ የሚታየው ጥቁር ምላስና የሰው ፔላግራ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ጥያቄ በ1916 በሙያ መጽሔት አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቺተንደንና አንደርሂል ውሾችን በተቀቀለ አተር፣ በብስኩትና በጥጥ ፍሬ ዘይት ብቻ አኑረው ፔላግራን የሚመስል ሕመም እንዳገኙ ገለጹ። ዶክተር ጎልድበርገርና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ዊለር ሁለቱን ፍንጮች አገናኝተው በ1922 የዬሉ የውሾች ሕመም ከጥቁር ምላስ የተለየ እንዳልሆነ አስታወቁ። ከዚህ በኋላ ውሻ የምርመራው ዋና መሣሪያ ሆነ።

ለውሾቹ የተዘጋጀው ምግብ የደቡብን ድኻ ማዕድ የሚመስል ነበር። ዋናው የበቆሎ ዱቄት ሲሆን፣ ጥራጥሬ፣ ከወተት የተጣራ ፕሮቲን፣ ስኳር፣ የጥጥ ፍሬ ዘይት፣ የዓሣ ጉበት ዘይት፣ ጨውና የኖራ ማዕድን ተቀላቅለውበታል። እዚህ ላይ የአሠራሩን ጥበብ ማስተዋል ይገባል። ሌላው የታወቀ የምግብ ጉድለት ሁሉ አስቀድሞ እንዲሟላ ተደርጓል። ለምሳሌ የዓሣ ጉበት ዘይት የተጨመረው ውሻው በሪኬትስ ወይም በዓይን በሽታ ተይዞ ነገሩ እንዳይደበላለቅ ነው። በዚህ መንገድ ውሻው ሲታመም የጎደለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

ያልታሰበው እርሾ

ነገር ግን ሙከራው አንድ ተራ እንቅፋት ገጠመው። ውሾቹ ይህን ምግብ ለጥቂት ጊዜ ከበሉ በኋላ ጠሉት። ሳህናቸው እንደሞላ ያድር ጀመር። የማይበላ ውሻ ደግሞ የታመመው በምግቡ ዓይነት ነው ወይስ በረሃብ የሚለውን ለመለየት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የእንስሳ አሳዳጊ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነገር ፈልገው ጥቂት ደረቅ እርሾ በምግቡ ላይ ጨመሩ። እርሾው መድኃኒት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ዓላማውም ውሻው በሽታ አምጪውን ምግብ በደንብ እንዲበላ ብቻ ነበር።

ውሾቹ በሉ። ሳምንታት አልፈው ወራት ተቆጠሩ፤ በሽታው ግን አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ተበላሸ ብሎ እርሾውን አስወግዶ እንደገና ይጀምር ነበር። ዶክተር ጎልድበርገር ግን የሙከራውን መክሸፍ እንደ መልስ ቆጠሩት። በሽታው ያልመጣው የጎደለው ነገር በእርሾው ውስጥ ስላለ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። ይህንንም ለማረጋገጥ ያለ እርሾ የሚመገቡትንና እርሾ የተጨመረላቸውን ውሾች አስተያዩ፤ በጥቁር ምላስ ተይዘው ለሞት ለተቃረቡትም እርሾ ሰጡ። እርሾ ያላገኙት ታመሙ፤ ያገኙት ጤነኞች ሆነው ኖሩ፤ የታመሙትም አፋቸው እየዳነ፣ ምግብ እየበሉ ተነሡ።

ይህ ግኝት ዶክተሩ ቀድሞ ይዘውት የነበረውን ሐሳብ የሚያናጋ ነበር። በ1922 ከዶክተር ታነር ጋር ሆነው ፔላግራ የሚመጣው ከአሚኖ አሲድ ጉድለት ሳይሆን አይቀርም ብለው ጽፈው ነበር፤ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከሌላ ጋር ለሕመምተኛ ሰጥተውም መሻሻል አይተው ነበር። በእርሾው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ይህን ያህል ውጤት ለማምጣት በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ያሳተሙትን ሐሳብ ሳይሟገቱለት ወደ ጎን አደረጉት። በእርሾው ውስጥ አንድ ያልታወቀ ፔላግራን የሚከላከል ነገር አለ አሉ፤ በእንግሊዝኛው ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት «ፒ-ፒ» ብለውም ሰየሙት። እርሾው በእንፋሎት ግፊት ለሰዓታት ቢቀቀልም ኃይሉ እንደማይጠፋ በ1926 አሳዩ። ቤሪቤሪን የሚከላከለው ቪታሚን በሙቀት የሚጠፋ በመሆኑ፣ «ቪታሚን ቢ» ተብሎ እንደ አንድ ይታይ የነበረው ነገር ቢያንስ ሁለት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከውሻው ወደ ሰው

በውሻ የተገኘው ነገር በሰው እስኪረጋገጥ ድረስ ዶክተሩ አላረፉም። በሚሌጅቪል ሆስፒታል ለሚገኙ ሕሙማን የተለመደው ምግብ ሳይለወጥ ደረቅ የቢራ እርሾ በቀን 30 ግራም ያህል እንዲጨመርላቸው አደረጉ። በሽታውም ተገታ። ውጤቱ በ1925 ታተመ። ሥጋና ወተት ፔላግራን እንደሚከላከሉ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ችግሩ በበሽታው የሚያዘው ሰው እነዚህን መግዛት የማይችል መሆኑ ነው። እርሾ ግን ርካሽ፣ ሳይበላሽ የሚቆይና በቀላሉ የሚጓጓዝ ነበር።

ዋጋው የታየው በ1927 ነው። በዚያ ዓመት የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ሰፊ አገር አጥለቀለቀ፤ ከብትና ዶሮ አለቀ፤ የጓሮ አትክልት ጠፋ። ዶክተር ጎልድበርገር ከምጣኔ ሀብት ባለሙያው ከኤድጋር ሳይደንስትሪከር ጋር በጎርፍ የተጎዳውን አካባቢ ዞረው ተመለከቱ፤ ፔላግራ እንደሚበረታም አስጠነቀቁ። በምክራቸውም መሠረት ቀይ መስቀል በሺህ በሚቆጠር ፓውንድ የሚመዘን እርሾ ለተጎጂዎች አደለ። በውሻ ሳህን ውስጥ ከተጨመረው ጥቂት እርሾ እስከዚህ እደላ ድረስ ያለፉት ዓመታት አምስት እንኳን አይሞሉም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዶክተሩ እርሾ የበሽታውን ሥር ይነቅላል ብለው ራሳቸውን አላታለሉም። ከ1916 ጀምሮ ከሳይደንስትሪከርና ከዊለር ጋር በደቡብ ካሮላይና የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ውስጥ የየቤተሰቡን ገቢና ምግብ መዝግበው፣ ገቢ በቀነሰ ቁጥር ፔላግራ እንደሚበዛ በአኃዝ አሳይተዋል። የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ጢሰኛው ይራባል፤ ማሳውም እስከ ቤቱ ደጃፍ በጥጥ ስለሚሸፈን ለላምና ለጓሮ አትክልት ሥፍራ የለውም። ይህን መናገራቸው የደቡብን ባለሥልጣናት አስቆጣ፤ በ1921 ረሃብ ይመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ በተሰማ ጊዜ ብዙዎች የአገራችንን ስም አጠፋ ብለው ተነሡባቸው። ሆኖም ዶክተሩ ያዩትን ከመናገር አልተመለሱም።

የመጨረሻ ሥራቸው የ16 የምግብ ዓይነቶችን ጥቁር ምላስን የመከላከል ኃይል በውሾች የመዘኑበት ጥናት ሲሆን በ1928 ታተመ። በውሻ ላይ የሠራ ምግብ በሰውም ላይ ይሠራል፤ በውሻ ላይ ያልሠራ በሰውም አይሠራም። በዚህም የስፔንሰር ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ዶክተር ጎልድበርገር ግን በኩላሊት ነቀርሳ ታመው ነበር። ጥር 17 ቀን 1929 በ54 ዓመታቸው በዋሽንግተን ከተማ አረፉ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ የአይሁድ ጸሎት እየተደረሰ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ተበተነ።

ያላዩት ፍጻሜ

ከእርሳቸው በኋላ ዶክተር ሴብረል ሥራውን በዚያው ላቦራቶሪ ቀጠሉ። የተደበቀውን ነገር ያገኙት ግን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኮንራድ ኤልቪየምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1937 ውሾችን ከጎልድበርገር በተወረሰው ምግብ ካሳመሙ በኋላ፣ ኒኮቲኒክ አሲድ በሚሊግራም መዝነው ሰጧቸው። ውሾቹም ወዲያው መብላት ጀመሩ፤ ዳኑም። በዚያው ዓመት ሐኪሞች ይህንኑ ለፔላግራ ሕሙማን ሰጥተው ፈወሱ። የሚያስደንቀው፣ ኒኮቲኒክ አሲድ በኬሚስቶች ዘንድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ መሆኑ ነው። ካሲሚር ፈንክም የቤሪቤሪን መድኃኒት ሲፈልጉ ከሩዝ ገለባ አግኝተውት፣ ቤሪቤሪን ስላልፈወሰ ትተውት ነበር። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰውም ውሻም ይሞቱ ነበር ማለት ነው። በ1942 ሕዝቡ ከትምባሆው ኒኮቲን ጋር እንዳያደባልቀው ኒያሲን የሚለው ስም ተሰጠው፤ በአሜሪካም በዱቄትና በዳቦ ውስጥ መጨመር ጀመረ።

በ1945 ደግሞ የኤልቪየም ቡድን ሰውነት ከትሪፕቶፋን ኒያሲን ሊሠራ እንደሚችል አሳየ፤ በሰው ላይ 60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን 1 ሚሊግራም ኒያሲን ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ ዶክተር ጎልድበርገር በ1922 የጻፉትም፣ በኋላ በእርሾው ያገኙትም ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በቆሎ ጎጂ የሆነው ትሪፕቶፋኑ ጥቂት ስለሆነና በውስጡ ያለውም ኒያሲን አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ሆድ ሊለቀው ስለማይችል ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅሎ የመፍጨት የቆየ ልማዱ ይህን ማሠሪያ ስለሚፈታለት ከፔላግራ ተጠብቆ ኖሯል። ትሪፕቶፋንና ላይሲን የበረከተባቸው የተሻሻሉ የበቆሎ ዝርያዎችም በኋላ ተገኝተዋል፤ በኢትዮጵያም ከ2001 ጀምሮ ለገበሬው ተለቅቀዋል።

ለሙያው የተረፈው ትምህርት

የዶክተር ጎልድበርገር ሕይወት ለእንስሳት ሐኪም ከታሪክነቱ ያለፈ ጥቅም አለው። ፀጉሩ የደነዘዘ፣ የከሳ ወይም ምግብ የጠላ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ምን ልጨምርለት ብሎ ነው። ዶክተሩ ግን የሚጀምሩት ውሻው ምን ይበላል ከሚለው ነበር። ማሟያ የሚያድነው የጎደለውን ሲሞላ ብቻ ነው። ኒያሲን ጥቁር ምላስ የያዘውን ውሻ በጥቂት ቀን ከሞት ያስነሣል፤ የተሟላ ምግብ ለሚበላ ውሻ ግን የሚጨምርለት ነገር የለም። አንዳንዱ ማሟያ እንዲያውም ይጎዳል። ቪታሚን ኤና ዲ ሲበዙ በሰውነት ውስጥ ተከማችተው ይመርዛሉ፤ ትልቅ ዘር ለሆነ ቡችላ ያለ ልክ የሚሰጥ ካልሲየም አጥንቱን ያበላሻል። እርሾም ቢሆን በሙከራው የተሰጠው የደረቀው ነው። ያልተጋገረ ሊጥ የበላ ውሻ ሊጡ በሆዱ ውስጥ ኩፍ ስለሚልና አልኮል ስለሚፈጥር ለሞት ሊደርስ ይችላል። የእንስሳቱም ዓይነት መለየት አለበት። ውሻ ከትሪፕቶፋን ኒያሲን ሲሠራ ድመት ግን ይህ ችሎታ ስለሌላት ኒያሲኑን ከሥጋ በቀጥታ ማግኘት ይኖርባታል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ማስተያየት ነው። እርሾ የበላው ውሻ ጤነኛ መሆኑ ብቻውን ምንም አያስረዳም ነበር። አጠገቡ ያንኑ ምግብ ያለ እርሾ የበላው ውሻ መታመሙ ነው ነገሩን ያስረዳው። አንድ ማሟያ ተሰጥቶት የዳነ ውሻ በማሟያው ዳነ ከማለት በፊት ባይሰጠውስ ኖሮ የሚለውን መጠየቅ የዚህ ሙያ ግዴታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንስሳው የቤቱ ምስክር መሆኑ ነው። በኮንኮርድ ከተማ የነበሩት የእንስሳት ሐኪም የውሻውን አፍ ከፍተው ሲያዩ የጌታውን በሽታ አስበዋል። እርሳቸው ያነሡት ጥያቄ ባይኖር ኖሮ የእርሾው ነገር ምን ያህል ይዘገይ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ዶክተር ጎልድበርገር የፈለጉትን ነገር ስሙን ሳያውቁ ሞቱ። ይሁን እንጂ ስሙ ከመታወቁ ከአሥር ዓመት በፊት በእርሾ አማካይነት ለጎርፍ ተጎጂዎች ደርሶ ነበር። በሕይወታቸው ዘመን የዳኑት ሰዎችም ሆኑ ውሾች የኬሚስቱን መልስ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ማዕዱን በትዕግሥት የመረመረና የሙከራውን መክሸፍ ያልናቀ አንድ ሰው በቅቷቸዋል።